የጥግ ጸጉር

እሁድ ጠዋት ጠዋት፣ በሞንቴቪዴዮ፣
ገበያው ሳይሞላ ይመጣል ኤላዲዮ፤
ካፖርቱን ቆላልፎ፣ መነጽሩን ወልውሎ፣
የዲስክ ሣጥኖቼን በጣቱ ፈልፍሎ፣
«ያቺ የመብራት ማማ ፊልም ተገኘች?»
«ሦስት ዓይነት አለችኝ፤ አንዷ ትናንት ገባች።»
«የታጠበች አልሻም፤ የቆሸሸች ስጪኝ።»
ጎረቤቶቼ ሳቁ። እኔን አላሳቀኝ።

ሙያው ጥርስ መሥራት ነው፤ በሰም ቅርጽ ያወጣል፤
ከሳቀ ሰው ይልቅ የሳቀ ጥርስ ያውቃል።
ቤቱን አይቼዋለሁ፣ አንዴ ዕቃ ላደርስ፦
ግድግዳው ዲስክ ነው እስከ ጣሪያው ድረስ፤
ምድጃው ውስጥ እንኳ (እሳት ካየ ቆይቷል)
ድምፅ አልባው ዘመን በፊደል ተራ ተኝቷል።
ሚስት የለችም። ድመት አለ፤
ዲስክ ላይ አይተኛም፤ ተነግሮታል።

ያቺን የማማ ፊልም በሰባት እትም ገዝቷል፦
አንዱ ከጃፓን ነው፣ በሐር ተጠቅልሏል፤
አንዱ ሁለት ዲስክ ነው፣ ከመጽሔት ጋራ፤
አንዱ የታደሰው፣ «እንደ ምንጭ የጠራ»
ተብሎ የተሸጠ፣ በሙሉ መንጋጋ ዋጋ።
«መጥራቱንስ ጠራ» አለኝ አንድ በጋ፣
«እኔን ግን አልጠራኝም። ጭረቱን ሲፍቁ፣
አቧራውን ሲያራግፉ፣ ጥቁሩን ሲያደምቁ፣
ያችን ጸጉር ጠረጓት፣ ማን እንደሆነች ሳያውቁ።»

«የቷን ጸጉር?» አልኩት።

«እኔ ስምንት ዓመቴ፣ ኔሊዳ አሥር፣ እኅቴ፣
ማክሰኞ በቅናሽ ሲሰደን አባቴ፣
በሰፈር ሲኒማ፣ ማሽኑ ውስጥ ገብታ
አንዲት ጸጉር ነበረች፣ በምስሉ ጥግ ወጥታ
እንደ ጥንዚዛ እግር ትንቀጠቀጣለች።
መርከቡ ይሰምጣል፤ ሴትዮዋ ታለቅሳለች፤
ሰዉ መሐረብ ያወጣል፤ እኛን ሳቅ ሊገድለን ነው።
ኔሊዳ ‹የማሽነኛው ጢም ነው› አለች፤ እኔ ‹የፈረስ ጭራ ነው›።»

ከዚያ ዝም ይላል፤ የአንዱን ሽፋን ጀርባ ያነባል።
የቀረውን የሰማሁት በየእሁዱ፣ በጭልፋ፦
እናት ሞተች፤ በአንድ ቁም ሣጥን ጠባቸው ከፋ፤
ቁም ሣጥኑ ሲያልቅ የልጅነት ነገር መዘዙ፣
እሱ «ጸጉሯ በቀኝ ነበረች»፣ እሷ «በግራ!»፣
እንዲህ ተያያዙ።
እሷ ፓይሳንዱ ሄደች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት
ከጸጉር በቀጠነ ነገር ተቆረጠ ሰላምታ።

በሐምሌ ብርድ አንድ የተዘጋ ኪዮስክ ካርቶን ደረሰኝ።
ከታች፣ ከጋዜጣ ጋር በነጻ የታደለ ዲስክ፣
የወረቀት ልብሱ የረጠበ፣
ካረጀ ቅጂ የተቀዳ፣ ሰብሳቢ በጫማው የማይነካው።
ኤላዲዮ ሲመጣ ምንም አላልኩም፤
በመኪና ባትሪ በምትሠራው ማጫወቻዬ አስገባሁት።

ማማው በራ። መርከቡ ቀረበ። ጭረቱ እንደ ካፊያ ወረደ።
ጎንበስ አለ፤ ትንፋሹ መስታወቱን ጋረደው፤
በእጅጌው ጠረገው።
ጸጉሯ በግራ ገባች።
እሱን ግራ ገባው።

ስልኩን አወጣ። ቁጥሩን ከየትም አላነበበም።
«ኔሊዳ» አለ፤ «ግራ ነበር።»

ብዙ ቆየ። ሽንኩርት ሻጩ ጮኸ፤ አንድ ውሻ አለፈ።
ከዚያ የአሮጊት ድምፅ፣ ለእኔ እንኳ እስኪሰማ፦
«ቁም ሣጥኑስ?»

ሳቀ። የገዛ ጥርሱን ያን ቀን አየሁት፤
የጥርስ ሠሪው ሰውዬ ሁለቱ ጎድለውታል።
ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ እየተሟገተ፣
ሳይከፍል፣ ዲስኩን እንኳ ሳይወስድ፣ በሰው መሐል ገባ።
እኔም አላጠፋሁትም።
መርከቡ ሰመጠ፤ ሴትዮዋ አለቀሰች፤
ባትሪው እስኪደክም ድረስ፣ በግራ በኩል፣
ያቺ ክር ትንቀጠቀጥ ነበር።