ምላሱ ሁለት

ኪራዩን ሳይከፍል በሌሊት የወጣ
ተከራይ ትቶት ነው እኔ ዘንድ የመጣ።
ሮተርዳም፣ ጥር ወር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
ደረቅ ገንዳ ውስጥ፣ ያለ ውሃ፣ ያለ ፀሐይ።
"ሞቷል" አሉ ፖሊሶቹ፣ ገፋ አድርገው በጫማ፤
አንድ ዐይን ተገለጠ፣ ቀስ ብሎ፣ በጨለማ።

እኔ ጡረተኛ ነኝ፤ ቴዎኒስ ይሉኛል፤
ሠላሳ አራት ዓመት ወደቡ ያውቀኛል።
ከክሬን ጫፍ ላይ ሆኜ መርከብ ሳራግፍ፣
የስንት አገር ሙዝ በእጄ ሲያልፍ፣
ለሽቦ ገመድ ሁለት ጣት ከፍዬ
ቤቴ የገባሁ ሰው፣ ደህና ሰንብቱ ብዬ።

የሚስቴ የእህት ልጅ፣ ማይከ፣ መጠለያ የምትሠራ፣
"አጎቴ፣" አለች በስልክ፣ "ባዶ ክፍል አለህ፤ አትፍራ።
ውሻ ሁሉም ይወስዳል፤ ድመትም ቤት አታጣም፤
ይሄን ግን እስከ ዛሬ የጠየቀው የለም።"
ለማየት ብቻ ሄድኩ።

አርጃኖ! ሜትር ተኩል፤ ግማሹ ጭራ ነው፤
ወገቡ የጎበጠ፣ መንጋጋው የዞረው።
አንጀቴን በላው፤ ምን ልዋሽ።
"ፀሐይ ያጣ አጥንት፣" አለኝ ሐኪሙ፣ "እንደ ጎማ ይለዝባል፤
ዱቄቱን ነስንስለት፤ መብራቱን አብራለት፤ ከዚያ እሱ ያውቃል።"
"እሱ" ያለው ማንን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

የድሮ ጌታው በቀይ ቀለም "ሰይጣን" ብሎ ሳጥኑ ላይ ጽፏል፤
አልለወጥኩትም። በዚህ ዕድሜ ስም ማውጣት ይከብዳል።
ሱሽማ ግን፣ ከላይ ፎቅ፣ የሱሪናሟ ጎረቤቴ፣
"አቶ ወንዝ" ትለዋለች፣ እንቁላል ይዛ ስትመጣ ቤቴ።

ሦስት ወር ሙሉ ጠላኝ፤ በግልጽ፣ ያለ ይሉኝታ።
እየነፋ እንደ ወናፍ ተቀበለኝ ጠዋት ማታ።
በጭራው ገርፎኛል፤ አንዴም ሊነክሰኝ ዳድቶት
ሦስተኛ ጣት ልከፍል ነበር፣ እጄን ባልስበው ድንገት።

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ለብ ባለ ውሃ፣
ከጣቱ ላይ የቀረውን አሮጌ ቆዳ በጥጥ እፈታለሁ።
መቸኮል የለም። ከቸኮሉ ጣቱም አብሮ ይመጣል።
ሚስቴን እንዲህ አጥቤያታለሁ፣ የመጨረሻው ክረምት።
ይህን ለማይከ አልነገርኳትም።

ምላሱ ሁለት ነው፤ ሰው ቢሆን ይታማ ነበር፤
ያወጣዋል፣ ያስገባዋል፣ አየሩን ሊመረምር።
ግን አንድም ቀን አልዋሸኝ፤ ሲጠላኝ ጠላኝ፣ አበቃ፤
ሲርበው መጣ፣ ሲጠግብ ሄደ፤ ሰላምታ የለ፣ ምርቃት የለ፣ ጥበቃ።

በሁለተኛው ዓመት፣ የካቲት፣ በረዶ ሽቦ በጠሰ፤
የሠራሁለት ፀሐይ ጠፋች፤ ሳጥኑ ውስጥ ብርድ ነገሠ።
ካፖርቴን ደርቤ ደረቴ ላይ አደረግኩት፤
ስድስት ኪሎ ድንጋይ፤ ጥፍሩ ሸሚዜን ቀደደ፤ ቻልኩት።
ሱሽማ ሻማ ይዛ ወረደች፤ የሞቀ ጠርሙስ ጠቀለለች፤
"አቶ ወንዝ ሞተ እንዴ?"
"አልሞተም።"
ቁጭ አለች።
እስኪነጋ አልተነጋገርንም።
አንዴ ብቻ፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ገደማ፣
ምላሱ አንገቴን ነካ። ቀመሰኝ።
ምን ምን እንደምል እንጃ።

"ይወድሃል?" ይሉኛል ሰዎች። ወደ ሞቀው ይመጣል።
እኔስ ያኔ፣ ወጣት ሆኜ፣ የማንን በር ነው ያንኳኳሁት? በምን ምክንያት? ማን ያውቃል።

ባለፈው ሳምንት ውል አዋዋይ ዘንድ ሄድኩ፤ ሰባ ሁለት ሞላኝ፤
እሱ ገና ሰባቱ ነው፤ ቢቀናው ይሸኘኛል እንጂ አልሸኘው።
"ቤቱ ለማይከ ይሁን። ሳጥኑና መብራቱ፣ ከነዕዳው፣ ለሱሽማ፤
እሱም አብሮ።"
"ስሙ ማን ይባላል?" አለኝ ሰውየው።
"ሰይጣን።"
ብዕሩ ቆመ። "በትክክል ልጻፈው?"
"በትክክል።"

ቤት ስደርስ መብራቱ ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶታል፤
አንድ ዐይኑን ገለጠ፤ ዐየኝ፤ መልሶ ጨፈነ።
እንቁላሉን ሰበርኩለት።