አስተናግር

ሐርቡ ጤና ጣቢያ፣ ማሽላው ሲያሸት፣
ባንድ ቀን አመጡልኝ፣ ልጁን ከሰዓት፣
ሰውየውን ሊመሽ ሲል።

ያሲን ከአጥር ጥግ፣ ከቆሻሻው ክምር፣
እሾሃሙን ፈልቅቆ፣ ያን ጥቁር ጥቁር ዘር
እንደ ኑግ ቆርጥሞ፣
ፊቱ በርበሬ መስሎ፣ ምላሱ እንደ ኩበት ደርቆ፣
ብሌኑ ነጩን ሊውጥ እስኪደርስ ተበርግዶ፣
የሌለ ፍየል እያባረረ ከግድግዳው ጋር ያወጋል።
ስም አውጪው አላበለም፤
አስተናግር ይሉታል።

አሊጋዝ ደግሞ፣
ለተምች ማላታይን ሲረጭ ነፋሱ ዞሮበት፣
ላብ፣ እንባ፣ ለሃጭ፣
ገላው ሁሉ ምንጭ፤
ብሌኑ የመርፌ ጫፍ፣ ደረቱ የውሃ ጋን፣
ሲተነፍስ ይንቦጫረቃል።

ብልቃጡን ሰበርሁ። አትሮፒን ሰልፌት።
የዚያው የእሾሃሙ የሥጋ ዘመድ፤
ብቻውን ሲሆን ከውሃ የማይስማማ ግትር፣
ከአሲድ ሲያጋቡት ጨው ሆኖ የሚሟሟ፣
መልኩ ውሃ፣ ጣዕሙ እሬት።

አንድ ሚሊግራም ወጋሁ። ሳንባው አልደረቀም።
ሁለት። ቆይቼ አራት።
በጣቴ የደም ሥሩን፣ በጆሮዬ ደረቱን እየጠበቅሁ።

ያኔ ጦይባ፣ የያሲን እናት፣ ከወዲያኛው አልጋ፣
«ይኸ ሰው ቀለለው፤ በል ለልጄም ውጋ!»
ምን ልበላት?
«ልጅሽ ከዚህ ጠግቧል» አልኋት።
አልገባትም። ተቀየመችኝ።
ሌሊቱን ሙሉ የልጇን ግንባር በእርጥብ ሻሽ ስታብስ
ፊቷን አላዞረችልኝም።

ጎህ ሲቀድ ከአንደኛው አልጋ ድምፅ መጣ፦ «ውሃ»።
ብዙም ሳይቆይ ከሌላኛው፦ «ውሃ»።
የነበረኝ አንድ ጣሳ ነው፤
ጦይባ ከእጄ ነጠቀችው።