ሥጋው ያንተ፣ ዘሩ የኔ

በባርታንግ ሸለቆ፣ ነሐሴ ሲጋመስ፣
ድንጋይ ሚያንከባልል ወንዝ ቁጣው ሲቀንስ፣
ጣሪያው ሁሉ ቢጫ፣ አፕሪኮት ተሰጥቶ፣
ንብ ሰክሮ ይዞራል ከጭማቂው ጠጥቶ።

ጭነት መኪናዬ ጎማው ተንፍሶብኝ
ከዛፉ ሥር ብቆም ሽማግሌው ጠራኝ።
«ብላ» አለ ቃዳምሾ፣ «ሆድህ እስኪል ጢም፤
እዚህ አገር ዛፍ ሥር እንግዳ አይከፍልም።
ሥጋው ያንተ ይሁን፣ ዘሩ ግን የኔ ነው፤
አንድም እንዳትወስድ፣ ከቅርጫቱ ጣለው።»

በላሁ።
ጭማቂው በክንዴ እስከ ክርኔ ወርዶ፣
ጺሜ ተጣብቆ፣ ድካሜ ተንዶ።
አንዷን ዘር ግን ሰረቅሁ፤ ከጉንጬ ሥር ይዤ
ሳልሰናበት ሄድሁ፣ እንደ ዲዳ ፈዝዤ።

ከጓሮ ቀበርኳት። በረዶ ሸፈናት።
ሚስቴ ሙኒስ ሳቀች፤ ፍየል ቀነጠባት፤
ደግሞ አቆጠቆጠች። ስድስት ዓመት ጠበቅሁ።
ባፈራች ማግስት ተንጠራርቼ ቀጠፍሁ፣
ቀመስሁ፦
ኮምጣጣ! እንደ ዕዳ፣ እንደ አማት ምክር።
ለካ ዘርም ይዋሻል፣ አያወርስም ስኳር።

ዘንድሮ ተመለስሁ፣ ጥፋቴን ልናገር።
«ከዚያ ወዲህ» አለኝ፣ «ሂሳቤን ሳሰላው
ሁልጊዜ አንድ ዘር ነው የሚጎድለው።»
ሳቀ ወይስ ተቆጣ? አልለየሁም እኔ።
ቢላውን አወጣ፤ ከቅጠሉ ብብት
አንዲት ዓይን ፈልቅቆ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሏት፣
«ዘር ያባቱን ስም እንጂ ጣዕሙን አይወርስም፤
ዓይን ግን ታስታውሳለች። ሂድ፣ ከኮምጣጣዋ
ቅርፊት ሥር ሸጉጣት፣ ጠበቅ አርገህ እሰራት፣
ሳትደርቅ፣ ዛሬውኑ።»

ልነሣ ስል ደግሞ አንድ ፍሬ አጎረሰኝ።
ከዚያም ካፌ ሥር መዳፉን ዘርግቶ
ዘሩን እስክተፋለት ቆሞ ጠበቀኝ።