ትርፍ

እሑድ ጧት ነው፤ ለእኛ የሳምንቱ መባቻ፣
ለሮተርዳሞች የእንቅልፍና የብስክሌት ብቻ።
"እነሱ እሑድ አይሠሩም፣ እኛ ዓርብ አንሠራም፤
የጋራችን አራት ቀን ነው" ይላል ጊልዓድ፣ "እሱም አይበቃም።"
ታዲያ ዛሬ ምን ነክቷቸው? እሑድ የማይነሣ ሰው
እሑድ ከደወለ ነገር አለው።

የሌሊቱ ፈረቃ፣ ነጭ ቆባችንን ሳናወልቅ፣
የቂርያት ጋቱ ፋብሪካ ምግብ አዳራሽ ገባን፤ ቅንድባችን በእንቅልፍ ሲወድቅ።
ላሪሳ ከማሸጊያ፣ ሱሄይላ ከማሽን ሦስት፣
ፈንታነሽ ከእኔ አጠገብ፣ መነጽሯ በክር ከደረት።
ግድግዳው ላይ ሦስት ሰዓት ተሰቅሏል፦ ሮተርዳም፣ ፑኔ፣ የእኛ።
አራተኛው በፈንታነሽ ክንድ ነው፤ ጧትን አንድ ብሎ የሚቆጥር አማርኛ።
"ስድስት ሰዓት ተሳስቷል" ሲሏት፣
"ፀሐይን ጠይቋት።"

የምንሠራው ትንሽ ነገር ነው፤ የጉሉኮስ ቱቦ ማሰሪያ፣
ጥፍር የምታህል፣ የጠብታ መቆጣጠሪያ።
ፕላስቲኩ ከሕንድ ይመጣል፣ ሣጥኑ ፖላንድ ይሄዳል፤
መርከብ ቀይ ባሕርን ከፈራ ማሽኑ አፉን ከፍቶ ያድራል።
ወንዶቹ ለጦር ሲጠሩ፣ ያን የሲሬን ወራት፣
አንዲት ሣጥን አላዘገየንም፤ ሁለት ሁለት ማሽን ይዘን፣
ደረጃ ሥር ቁጭ ብለን፣ ስንት ሌሊት።
ይህን ሊያመሰግን ነው ብላ ነበር ፈንታነሽ፤
"ዛሬስ ጉርሻ ነው" አለችኝ፣ "ታያለሽ።"

ሰውየው በመጋረጃው ላይ መጣ፤ ፊቱ ከበሩ ይሰፋል፣
ድምፁ ከከንፈሩ ወደኋላ ቀርቶ ይደርሳል።
እሱ በእንግሊዝኛ፣ ጊልዓድ በዕብራይስጥ፣
እኔ ከዕብራይስጡ ወደ ፈንታነሽ ጆሮ ውስጥ።
ወንዝ የተሻገረ ቃል እግሩ ሳይርስ አይደርስም፤
ይህኛው ሁለት ወንዝ ነበረበት።
"ገበያው ጠበበ" አለ። "ሰቅሉ ከበደብን" አለ።
"ጉድለት የሚለይ ካሜራ ገዝተናል" አለ።
"ቅርንጫፉ ለግንዱ ሸክም ሆነ" አለ።
ከዚያ አንዲት ቃል ተናገረ፤ ጊልዓድ ጉሮሮውን ጠረገ፣
ወለሉን እያየ ድምፁን ዝቅ አደረገ።
እኔም አማርኛ ፈለግሁላት፤ እንቅልፍ ያጣ ጭንቅላቴ
የጣለልኝ ይህን ነበር፦ "ትርፍ አለ ይላሉ፣ እናቴ።"

"ሰው" ብዬ ልጨርስ ነበር፤ "ትርፍ ሰው"። መች ጠበቀችኝ!
እልል አለች ፈንታነሽ። የሠርግ እልልታ፣
ከምላሷ ጫፍ ተነሥቶ የቆርቆሮውን ጣራ መታ።
"ትርፍ ተገኘ! ተመስገን የእስራኤል አምላክ!"
አዳራሹ ደርቆ ቀረ።
ሱሄይላ ሁሉንም ሰምታለች፤ ዕብራይስጡ አላመለጣት።
ግን ብቻዋን እንዳትቀር ብላ፣ በእልልታ ተቀበለቻት።

ሰውየው ከመጋረጃው ላይ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣
እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ሰበረ።
ኋላ ጊልዓድ አሳየኝ፣ ለበላዮቹ የጻፈውን ሪፖርት፦
"ቂርያት ጋት ዜናውን ተቀብሎታል፣ በመልካም መንፈስ፣ በባህላዊ ጨዋነት።"

ደብዳቤው ሐሙስ መጣ። ስልሳ አንድ ሰው።
አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ሰጠችኝ፣ እንዳነበው።
አነበብኩላት። ቃሉን በአፏ አገላበጠችው፣
ዓይኗን ጨፍና ጎደሎ ማሰሪያ እንደምትለየው፣
በአውራ ጣቷ ወረቀቱን ዳሰሰችው።
"ትርፍ ያጡ ሰዎች፣ እኔን ትርፍ አሉኝ?"
አውቶቡሳችን ቆሞ ሄደ።
"ቆቡንስ ልመልስ ወይስ ተዉልኝ?"

ጊልዓድን ጠየቅሁት፤ አያውቅም፤ ለሮተርዳም ጻፈ።
ዓርብ እኛ የለንም፣ ቅዳሜ ሰንበት ነው፣ እሑድ እነሱ የሉም፤
ጥያቄዋ በቀኖቹ መካከል ተንሳፈፈ።
ሰኞ ከሰዓት መልስ መጣ፣ አንድ መስመር፦
"ትርፍ ቆብ በብዛት አለ፤ ትውሰደው።"

"ውሰጂው ብለዋል" አልኳት በስልክ።
የቀረውን ቃል ከምላሴ ሥር ያዝኩት።
"ለአቧራ ቀን ይሆነኛል" አለች፣ ዘጋችው።