ሞላ፣ ጎደለ

ከበቆሎው ማዶ፣ ከባሉጡ ጫካ፣
መስኮት የሌለው ቤት፣ ጨለማ የሚለካ።
ደቡብ ኢንዲያና፤ ጥር ወር፤ የሌሊት ፈረቃ፤
አርዲስ ክላይን በር ከፈተችልኝ፣ ዓይኗ ገና ሳይነቃ።
«ቀለበትህን አውልቅ፤ ጓንትህን አጥልቅ፤
ትንንሽ ናቸው ብለህ እንዳትስቅ።»

በመደርደሪያው ላይ ዳዊት የሚያክሉ የብረት ሣጥኖች፣
በጆሯቸው ሽቦ፣ በደረታቸው ቁጥር፣ እንደ ጦር ምርኮኞች።
ኒኬል በአንድ ጎን፣ ካድሚየም በአንድ ጎን፣ መሐሉ እርጥብ ጨርቅ፤
ሌላ ምስጢር የለውም፤ ይሞላል፣ ይጎድላል፣ እስኪደርቅ።

ሥራቸው አንድ ነው፦ ሰማይ እንደወጡ ሆኖ መኖር።
ሃምሳ አምስት ደቂቃ ፀሐይ፣
ሠላሳ አምስት ደቂቃ የምድር ጥላ፣ ከዚያ እንደገና መጀመር።
ፀሐዩ ሽቦ ነው፤ ጥላውም ሽቦ ነው፤
በቀን ዐሥራ ስድስት ጊዜ እየመሸ የሚነጋው
እዚሁ፣ ከጣሪያው በታች ነው።

የማወራችሁ ስለ ዐሥራ አራት ቁጥር ነው።
በአንድ ቀን አብሮት የተበየደው ወንድሙ
በሳተላይት ሆድ ተሰፍቶ ሄደ፤ እሱ ቀረ፣ ከነሕመሙ፤
ላይኛው ምን ያህል እንዳረጀ ከእሱ ፊት ይነበብ ነበር።
«ይኼኛው ሲያቃስት ለእነዚያ እንጽፋለን» አለች አርዲስ፣
«እኛን ማን እንዲህ ቀድሞ ይታመምልን ነበር?»

በአራተኛው ዓመት ላይኛው ዝም አለ። ባትሪው አልነበረም፣
አንዲት ተራ ብሎን ናት። ለታችኛው ማንም አልነገረም።
ለሌለ ሰማይ ፀሐይ ጠጣ፣ ለሌለ መንገደኛ አበራ፣
አርባ ሺህ ሌሊት፣ አንድም ቀን ሳይቀር ከሥራ።

«ሙከራ ስድስት ይቋረጥ» ይላል ወረቀቱ፤ ቶልቨር ፈርሞበታል፤
የመብራት ወጪ በዝቷል፤
ዐሥራ አራት ግን አንድ ነጥብ አንድ ቮልት ላይ ገና ቆሟል።
አርዲስ እጇን ማጥፊያው ላይ አኖረች። አነሳች። ሰዓቷን አየች።
«ጥላ ውስጥ ነው ያለው፤ ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ይቀረዋል» አለች፤
«በጨለማ አልቆርጠውም።»

ቆምን። የመዝጋቢው ብዕር ቁልቁል ወረቀቱን ፋቀው፤
ውጭ በረዶ ይጥል ነበር፤ እዚያ ውስጥ ማን ሊያውቀው።
ከዚያ ፀሐይ ወጣች፤ አንዲት ቀጭን ጠቅታ ናት፤ ብዕሩ ቀና አለ፤
ሃምሳ አምስቱን ደቂቃ ጠበቅነው። ሞላ። አጠፋችው።
በእኛ ፈረቃ ግን አልጎደለ።

የቀኖቹ ሠራተኞች እስከ መጨረሻ ጠብታው አፈሰሱት፤
ደንቡ ነው። ሐሙስ ዕለት ሆዱን ከፈቱት።
ጨርቁ ደርቆ፣ እንደ አሮጌ ብራና ተጨማድዶ፣
ካድሚየሙ ውስጥ ለውስጥ ሥር ሰዶ፣
አንድ ፀጉር ያህል ቀርቶት ነበር፣ ማዶ ለመድረስ፣ ለመጋደል፤
ምናልባት መቶ ሌሊት፣ ምናልባት አንድ፤ እሱን ማን ያድል።

«የውድቀት ምክንያት» በሚለው ሣጥን አርዲስ ምንም አልጻፈችበት።
ቶልቨር መልሶ ላከው፤ «ባዶ አይሆንም፤ ሙሉበት።»
እስክሪብቶዋን ነከሰች። አንድ ቃል ሞላችለት፦
ወረቀት።

በዚያው ሳምንት፣ አንድ ጠዋት፣ መኪናዬ አልነሳ አለች፣ ብርዱ ባትሪዋን ገድሎት።
አርዲስ ቀይና ጥቁር ሽቦ ይዛ መጣች፤ ቀጠለችለት፤
«ስንት ዓመቱ ነው?» አለች።
በረዶው ላይ ቆሜ አፈርኩ፤
አንድ ሌሊት እንኳ አልቆጠርኩለት።