ልክ

ቶሪኖ፣ ከገበያው ጀርባ፣ ትራም በሚታጠፍበት፣
ፀሐይ እንኳ አንገቷን ደፍታ በምትገባበት
ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሰፊ ነኝ፤
መርፌውን ማለቴ ነው፤ በስፋቱስ ገና ነኝ።

ሁለት መሳቢያ አለኝ፣ ከአሮጌው ባለቤት የቀረ፣
በአንዱ የወንድ ልክ፣ በአንዱ የሴት ልክ የታሰረ፤
ካርቶኑ ቢጫ ሆኗል፣ ጠርዙን አይጥ በልቶታል፣
ግን «ልክ ነው ወይ?» ያለ የለም፤ ማን ይጠይቀዋል።
የወንድ ቁልፍ በቀኝ፣ የሴት ቁልፍ በግራ፤
ማን እንደወሰነ አይታወቅ፣ እንዲያው እንደ አደራ።
የወንድ ኪስ እጅ ይውጣል እስከ አንጓ ድረስ፣
የሴት ኪስ የተሰፋ አፍ፣ ሳንቲም የማይጎርስ።

ጥቅምት ላይ፣ በዝናብ፣ ሁለት ሴቶች መጡ፣
ዣንጥላቸውን በሬ ላይ አራግፈው ተቀመጡ።
ዶሪያና የአራት ቁጥር ትራም ነጂ ናት፤
ፀጉሯ በመላጫ የታጨደ፣ ቁልፍ ወገቧ ላይ የሚንሿሿባት፣
የቆዳ ጃኬት፣ የወታደር ጫማ።
ሚሬላ የሕፃናት መምህርት፤ ድምጿ ለሹክሹክታ የተስማማ፣
ፀጉሯ እስከ ወገቧ፣ ጥፍሯ የሮማን ቀለም።
«በግንቦት እንጋባለን» አሉኝ። እኔም
ዐይኔ ከሜትሬ ቀድሞ ለካቸው፤
ማስታወሻዬ ላይ በየመሳቢያው ከተትኳቸው፦
ዶሪያና — ሱሪ፣ ኮት፣ ምናልባት ክራቫት፤
ሚሬላ — ቀሚስ፣ ዳንቴል፣ ሦስት ሜትር የሚጎተት።

ዶሪያና እርሳሴን አየችና ሳቀች፣
እንደ ትራም ደወል፣ ሱቁን አናወጠች።
«ሱሪማ ሃያ ዓመት ለበስኩ፣
ስንቱን ከጉልበቱ በጣጥሼ ጨረስኩ፤
ያን ቀን ግን ቀሚስ ነው የምፈልገው፣
ደረጃ ሙሉ የሚፈሰው፣ እግሬን የሚያጠላልፈው፤
እኔ ለሰው ስቆም ኖርኩ፤ ያን ቀን መንገዱ ለእኔ ይቁም።»
ሚሬላ በዝግታ፦ «ለእኔ ሰደርያ፣ ግራጫ፤ ዳንቴል አልወድም።
ደግሞ ኪስ፤ እውነተኛ ኪስ፣
የጠመኔ ስባሪ የሚይዝ።»

ላጲስ የለኝም ሱቄ ውስጥ፤
የተሰፋ ይፈታል፣ የተጻፈ ግን አይለወጥ።
ስማቸውን ሰረዝኩ፣ ቦታ አቀያየርኩ፣
አቀያይሬም አፈርኩ፤
መቀያየሩም ያው ሁለት መሳቢያ ነው፣
ሰው እንደ ጓንት ቀኝና ግራ ብቻ ይመስል ያለው።

ደግሞ እኔ! እኔው ነኝ አበባ ቀሚስ፣ ተረከዝ፣ ሊፕስቲክ የምወድ፤
መጀመሪያ ለት፣ ወደ ፖ ወንዝ ዳር፣ ወደ ሴቶቹ ጭፈራ ቤት ስሄድ፣
በረኛዋ ከላይ እስከ ታች አይታኝ፣ በትህትና፣
«እህቴ፣ ዛሬ ሴት የሚወዱ ሴቶች ሌሊት ነው» አለችኝና
የታክሲ መቆሚያ አሳየችኝ።
በማግስቱ ፀጉሬን ተቆረጥኩ፤ ባለ ካሬ ሸሚዝ፣ ሰፊ ጂንስ፤
የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ የሰው ሸሚዝስ?
ሁለት ወር ሙሉ ራሴን ለመምሰል ደከምኩ፣
ብብቱ እየያዘኝ ቀሚሴን ናፈቅኩ።
ይህን ሁሉ አውቄ ነው እንግዲህ
እርሳሴ የሮጠው በዚህ።

ሚያዝያ ላይ ልብሱን ሊሞክሩ መጡ።
ዶሪያና ነጩን ለበሰች፤ የወታደር ጫማው ግን ከሥር አልወለቀም፤
«እሱ የኔ ነው» አለች፤ አልተከራከርኳትም።
ሚሬላን፦ «ቁልፉ በየት ይሁን፣ በቀኝ ወይስ በግራ?»
«ግራኝ ነኝ» አለች። በግራ ሆነ፤
መሳቢያው ስላለ ሳይሆን፣ እጇ ስለሆነ።

አፌ እስፒል እንደሞላ፣ ተንበርክኬ ዘርፉን ስለካ፣
ጫማ ሠሪው ሲኞር ጋስፓሬ በበሩ ብቅ አለና
«ከሁለቱ ሙሽራው ማን ነው?» አለኝ በፈገግታ።
እስፒሎቹን አንድ በአንድ ከከንፈሬ እስክለቅም
አራት ቁጥር ትራም መጣ፤ መስታወቱ ተንቀጠቀጠ፤
እሱም መልሱን ሳይጠብቅ ተሳፍሮ ሄደ።
ወደ ዘርፉ ተመለስኩ፤
ሁለት ጣት ያህል ረዝሟል።