ማራገቢያ

እቁቡ ደረሰኝ፣ በሰኔ አጋማሽ፣
ቆርቆሮው ሲንጣጣ፣ አስፋልቱ ሲሸሽ።
አስራ ስምንት ሺህ ብር፣ በላስቲክ የታሰረ፣
ላብ ላብ የሚሸት፣ ከኪስ ኪስ የዞረ።

ኮምፒውተሬ ደግሞ ሽማግሌ ሆኗል፤
ሂክማን በሰርጓ ቀን በር ላይ ገትሯታል፦
አንዱ እግሯ መኪና ውስጥ፣ አንዱ አየር ላይ፣
ሶስት ሳምንት ቆመች፣ አማቷን ሳታይ።
እናቷ ትደውላለች፦ «ልጄ የት ደረሰች?»
«ደርሳለች» እላለሁ፤ «ልትወርድ ነው፤ ቀረበች።»

ረውዳ በልጃችን የሂሳብ ደብተር
ፊቷን እያራገበች፣ ሳታነሳ ነገር፣
ጣሪያውን አየችው። እዚያ መንጠቆ አለ፣
አራት ዓመት ሙሉ ባዶ የተንጠለጠለ።
ማራገቢያ ልንሰቅል የመታነው ነበር።
«ካርዱ ይሻላል» አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።
«አቦ ሂድና ግዛው» አለች። ይሄ ነው የከበደኝ።

ታይዋን፣ የጉሌድ ሱቅ፣ ከሽቶ ከቻርጀር
መሃል ተሸጉጬ ሰማሁ የካርድ ነገር።
ጉንጩ ሞልቶ ነበር፣ ስምንት ሰዓት አልፏል፤
በዚህ ሰዓት ጉሌድ ሁሉን ሰው ይወዳል።

«ወርያ፣ ስማኝ አቦ! ይህን ጉድ ተመልከት፤
ስምንት ጊጋ ሜሞሪ፣ ሶስት ማራገቢያ ያለበት።
የሰርግህን እንባ ሳይደርቅ ያወጣዋል፤
ሻይህን ሳትጨርስ ሰርጉ ተጠናቋል።»

ሶስት ማራገቢያ! አንዱን በጣቴ ነካሁት፣
ዞረ፣ ዞረ፣ ቆመ። ቀስ ብዬ ተውኩት።
አንድ ክንድ ለማይሞላ ቁራጭ ብረት ብቻ
ሶስት ማራገቢያ፤ እኛ ሌሊት ዘመቻ፣
አራት ነፍስ፣ ፍራሽ ይዘን፣ ከበረንዳው ደጃፍ፣
ነፋስ ከደቻቱ በስህተት ቢያልፍ።

አገላበጥኩት፦ የብሎኑ አናት ተፍቋል፤
አንዱ አገር መጋዘን ገንዘብ ሲቆፍር ከርሟል።
«አዲስ ነው?» «እንደ አዲስ።»
«እንደ» የምትል ቃል፣ እዚህ ታይዋን መንደር፣
ስንቱን ቤተሰብ ነው አብልታ የምታሳድር!

«ፓወርህ ስንት ዋት ነው?» አለኝ። «ሶስት መቶ።»
ሳቀብኝ፣ ጉንጩን ይዞ፣ ዓይኔን ዓይኔን አይቶ።
«ግመል ትገዛና በሲኒ ታጠጣለህ?
ፓወሩንም ቀይር፤ አራት ሺህ ትጨምራለህ።»

ከመደርደሪያው ጥግ አንዲት ትንሽ ተነሳች፣
ባለ አራት ጊጋ፣ ላስቲኳን ያልፈታች።
አንድ ማራገቢያ፤ ሌላ ገመድ አትሻም፤
ከሶስት መቶ ዋት ቤት አኩርፋ አትወጣም።
«አቦ ይቺ ትዘገያለች፤ ሌሊቱን ትፈጃለች።»
«በሰኔ ማን ይተኛል?» አልኩት።

ገዛኋት። በቀረው፣ ዋጋውን ልተወው፣
የጣሪያ ማራገቢያ ባጃጅ ላይ ጫንነው።
ባጃጁ ክንፍ አውጥቶ ከዚራን ሲያቋርጥ
«ሄሊኮፕተር ነው ወይ?» አለ ትራፊኩ፣ ፊሽካው አፉ ውስጥ።

ማታ ሂክማ ወረደች። እግሯ መሬት ነካ።
ለካ እናቷ ነበረች፣ ከኋላ ነው ለካ፣
ፊቷን ወደ ግድግዳ፣ ሻሿን ወደ ዓይኗ፣
ሁለት ሰከንድ ብቻ፤ ከዚያ ወደ ዘፈኗ።
ቆርጬው ነበር ይሄን፣ በፊት፣ በችኮላ፤
አሁን መለስኩት። ትየው። ይየው ሌላ።

አስር በመቶ ሆነ። ቆየ። ሆነ ሃያ።
ከረውዳ ራስ በላይ ዞረ ማራገቢያ።
ያ የሂሳብ ደብተር፣ ማንም ሳይነካው፣
ገጹን ይገልጣል፣ ነፋስ እያነበበው።
አርባ። አርባ አምስት። ልጆቹ ቤት ውስጥ ተኙ፣
ከስንት ጊዜ በኋላ ትራሳቸውን አገኙ።

ስልሳ አንድ ላይ ሲደርስ መብራት ድርግም አለ።
ትንሿም ቆመች ከታች፤ ትልቁም፣ ቀስ እያለ፣
አንዴ ዞረ፣ ደገመ፣ ሶስተኛውን ተወው።

በጨለማው ውስጥ ረውዳ ስትስቅ ሰማኋት።
«ሙሽራዋስ?» አለች። «በሩ ላይ ናት፣ በር ናት።»
«በል ደብተሩን አምጣ፣ እስቲ ላራግብላት።»